ከስድስት ኪሎ በር እስከ ዲፌንስ፦ በውጭ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ማስተርስ ለመማር ላሰባችሁ

ስድስት ኪሎ ከታክሲ ወርዳችሁ፣ የየካቲት 12 ሐውልትን ዞራችሁ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ስትሄዱ፣ በሩ አካባቢ ካኪ ፖስታ በብብቱ የያዘ ሰው አይጠፋም። ፖስታው ውስጥ ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒና ሁለት ጉርድ ፎቶ አለ። "ሬጅስትራር በየት በኩል ነው?" ይላል ያገኘውን ሁሉ። እኔም በአንድ ዘመን ያ ሰው ነበርኩ። ዛሬ ቢጠይቀኝ ግን "ሬጅስትራሩ ይቆይህ፣ አስቀድመህ ላይብረሪ ግባ" ነው የምለው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከእኔ ጋር ከተማሩትና በኋላ ካየኋቸው ሰዎች ውስጥ ኮርስ ከብዶት ያቋረጠ ብዙ አላጋጠመኝም። ሰው የሚቀረው ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ቲሲሱ (የመመረቂያ ጽሑፉ) ላይ ነው። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሶ፣ ርዕስ አጥቶ፣ ከአማካሪው ተጠፋፍቶ፣ "ዘንድሮ እጨርሳለሁ" እያለ ሦስት ፋሲካ የሚያልፍበት ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ትንሽ የተገላቢጦሽ ነው። ከመጨረሻው ከቲሲሱ ተነስተን ወደ ማመልከቻው እንመጣለን፣ ከዚያ መንገዱን አብረን እንሄዳለን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የማስተርስ ትምህርት የቋንቋ ኮርስ አይደለም። "እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ነው" የሚል ሰው ሁለት ዓመቱንም ገንዘቡንም አያቃጥል። ፈረንሳይኛ መናገር የፈለገ እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አለለት። ጀርመንኛ ከሆነ ጎተ ኢንስቲትዩት አለ። ማስተርስ የሚያስተምራችሁ ቋንቋው ወይም ጽሑፉ ላይ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን በማስረጃ ማሳየትን ነው።

1. ከማመልከቻው በፊት የሰው ቲሲስ አንብቡ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ኢቲዲ ይሉታል። በነፃ ነው የሚነበበው። ቤት ቁጭ ብላችሁ የትምህርት ክፍሉን ስም አስገብታችሁ የቅርብ ዓመታት ርዕሶችን ተመልከቱ። በወረቀት ማየት የምትወዱ ደግሞ ግቢ ውስጥ የኬኔዲ ላይብረሪ አለላችሁ። ተማሪ ያልሆነ ሰው ለመግባት ደብዳቤ ሊጠየቅ ስለሚችል በሩ ላይ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ርዕሶቹን ስታዩ አንድ ነገር ፈገግ ያሰኛችኋል። "የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ትምህርት አተገባበርና ተግዳሮቶች፣ በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በዘጠነኛ ክፍል ተኮር" የሚል ይመጣል። ቀጥሎ ያው ርዕስ ለንባብ። ቀጥሎ ለማዳመጥ። ቀጥሎ በሌላ ክፍለ ከተማ። "አተገባበርና ተግዳሮቶች" የሚለው ሐረግ ቢታገድ ስንቱ ጽሑፍ ርዕስ አልባ ይቀር ነበር እያልኩ አስባለሁ። እነዚህን ማየታችሁ ግን ይጠቅማችኋል፤ ምን እንደተደጋገመ ታውቃላችሁ።

ሦስት ቲሲስ ምረጡ። ሙሉውን ማንበብ ግዴታ አይደለም። ምዕራፍ አንድን፣ የአጠናን ዘዴውንና የመጨረሻውን ምዕራፍ አንብቡ። ደብተር ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ጥያቄው ምን ነበር፣ መረጃው ከማን ወይም ከየት ተሰበሰበ፣ አማካሪው ማን ነበር። ይህ ሦስተኛው ትልቅ ነገር ነው። የአማካሪው ስም የፊት ገጹ ላይ ተጽፏል። አሥር ርዕስ ካያችሁ በኋላ የትኛው መምህር በምን ጉዳይ እንደሚያማክር ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ።

ሦስቱንም አንብባችሁ እንቅልፍ ብቻ ከመጣባችሁ እሱም መልስ ነው። ሁለት ዓመት አተረፋችሁ።

2. መስኩን ለዩ

"ውጭ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ" ሲባል አንድ ነገር ይመስላል። ውስጡ ግን ቢያንስ ሁለት ቤት አለ።

አንደኛው እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር ነው፤ በአፋችን ቴፍል የምንለው። ትኩረቱ ክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ፣ መምህር፣ መጽሐፍና ፈተና ነው። መረጃችሁ ከሰው ይመጣል። ትምህርት ቤት ትሄዳላችሁ፣ ደብዳቤ ታስመታላችሁ፣ መጠይቅ ትበትናላችሁ፣ ክፍል ገብታችሁ ትታዘባላችሁ። ሁለተኛው ሥነ ጽሑፍ ነው። መረጃችሁ መጽሐፉ ነው። ማኅተም የሚያስመታ የለም፤ በምትኩ ንድፈ ሐሳብ ማንበብና አንድን ገጽ አሥር ጊዜ መመለስ አለ።

ምርጫው ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት ስለ ሥራ ብቻ አስበው ነው። "ቴፍል ሥራ አለው፣ ሥነ ጽሑፍ የለውም" ይባላል። የሚያስተምር ሰው ቴፍል ቢማር በሥራው እንደሚጠቀምበት አልክድም። ነገር ግን ልብ ወለድ ሲያነብ ሌሊቱ የሚነጋበት ሰው ለሥራ ብሎ መጠይቅ ሲቆጥር ቢውል ሁለተኛው ዓመት ላይ ይደክመዋል። የትኛውን ሥራ ብቻችሁን፣ ማታ፣ ማንም ሳያያችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ? መስካችሁ እሱ ነው።

ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች አንድ ጥቆማ አለኝ። ከሼክስፒርና ከአቼቤ ውጭ ሌላ ያለ የማይመስላቸው አሉ። እኛው ቤት ያለውን እዩ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በእንግሊዝኛ የጻፈው ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። ዳኛቸው ወርቁ እ.ኤ.አ. በ1973 በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ሕትመት ውስጥ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አለው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምም እዚያው አለ። መዓዛ መንግሥቴ ስለ ጣሊያን ወረራ የጻፈችው ልብ ወለድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የቡከር ሽልማት የመጨረሻ እጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ያ ዘመን ደግሞ ለስድስት ኪሎ ሩቅ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እናንተ ትምህርት የምትማሩበት ግቢ ውስጥ፣ ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ነው። እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ላይ እዚያ ሆኖ ቲሲስ መጻፍ የራሱ ስሜት አለው።

ሌላም ጎረቤት አለ፦ ሊንጉስቲክስ፣ ጋዜጠኝነትና ሌሎች ቋንቋዎች። የትኛው ፕሮግራም በዚህ ዓመት እንደሚከፈት፣ መደበኛ ይሁን የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ፣ ከዓመቱ ማስታወቂያ ላይ እዩ። አመልካች ካነሰ ሳይከፈት የሚቀር ፕሮግራም ስለሚኖር በወሬ ብቻ አትመኑ።

3. ወረቀት፦ ሐምሌ ላይ ሳይሆን መጋቢት ላይ ጀምሩ

የሚጠየቁት ነገሮች ብዙም አይለያዩም። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የኮስት ሼሪንግ ጉዳይ ማስረጃ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ስፖንሰር ካላችሁ የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤ። በቅርብ የተመረቃችሁ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ውጤት ያዙ።

ከእነዚህ ሁሉ ሰው አቅልሎ የሚያየው ኦፊሻል ትራንስክሪፕትን ነው። ይህ ወረቀት በእጃችሁ የሚሰጥ አይደለም። የተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ወደ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ይልከዋል። የተማራችሁት ክፍለ ሀገር ከሆነ፣ የኮስት ሼሪንግ ክፍያ ካልጨረሳችሁ፣ ወይም ፋይላችሁ "እየተፈለገ" ከሆነ ሳምንታት ይሄዳሉ። እኔ የጠየቅሁበት ቦታ "ባለሙያዋ ለስብሰባ ወጥታለች" የሚለውን መልስ አራት ጊዜ ሰምቻለሁ። አምስተኛው ላይ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። መጣች። ሃያ ደቂቃ ፈጀባት።

ሁለተኛው ወጥመድ ስም ነው። ዲግሪያችሁ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካርዳችሁና ፋይዳችሁ ላይ ስማችሁ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ጎን ለጎን አስቀምጡና አመሳክሩ። አንዱ ላይ "ሐሰን" በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ ከሆነ ዛሬውኑ ማስተካከያውን ጠይቁ። የአያት ስም ያልተጻፈበትም እንደዚያው። ምዝገባ ቀን ላይ በመስኮት ስትታዩ ለዚህ ጊዜ የለም።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን መምህር ባዶ እጃችሁን አትጠይቁ። በየትኛው ዓመት ምን ኮርስ እንዳስተማሯችሁ፣ ምን ውጤት እንዳገኛችሁ፣ ምን መማር እንደምትፈልጉ በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው። እሳቸው መቶ ተማሪ አስተምረዋል፤ ካላስታወሳችኋቸው "ጨዋና ታታሪ ነው" ብለው ይጨርሱታል። ያ ደግሞ ምንም አይደለም።

4. የመግቢያ ፈተና

ድኅረ ምረቃ ለመግባት ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና አለ። የሚፈትነው በአብዛኛው አመዛዝኖ ማሰብን ነው፦ በቃል፣ በቁጥርና በትንተና። የቋንቋ ሰው የሚወድቀው ቁጥሩ ላይ ነው። "እኔ እኮ ሒሳብ ጠልቼ ነው ቋንቋ የገባሁት" ይላል። ገባኝ፤ እኔም ነበርኩ።

የሚጠየቀው ግን ካልኩለስ አይደለም። መቶኛ፣ ጥምርታ፣ አማካይ፣ ሠንጠረዥ ማንበብ ነው። ለምሳሌ አንድ ጫማ ዋጋው 20 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ 20 በመቶ ቀነሰ። ወደ ድሮው ተመለሰ? ብዙ ሰው አዎ ይላል። 100 ብር ከነበረ 120 ሆነ፤ የ120 ሃያ በመቶ 24 ነው፤ ስለዚህ 96 ብር ሆነ። ጥያቄው የሚፈልገው ይህን ማየት ብቻ ነው። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ አውጡና በቀን ሠላሳ ደቂቃ ለሁለት ወር ሥሩ። ከበቂ በላይ ነው።

ከዚህ ሌላ ትምህርት ክፍሉ የራሱን የጽሑፍ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊጨምር ይችላል። ለዚያ የሚረዳው ግልጽ የሆነ አንድ ገጽ መጻፍ መቻል ነው። አንድ የጋዜጣ አስተያየት አንብቡና "ጸሐፊው ምን አለ፣ የት ላይ አላሳመነኝም" ብላችሁ በእንግሊዝኛ 250 ቃል ጻፉ። በሳምንት ሁለት። ለሰው ማሳየት ከቻላችሁ አሳዩ።

5. ብርና ጊዜ

ስለ ትምህርት ክፍያ ቁጥር አልጽፍም፤ በየዓመቱ ስለሚለወጥ ማስታወቂያውን እዩ። የምነግራችሁ ማስታወቂያ ላይ ስለማይጻፈው ነው። ኮፒ ቤት። ኮርስ ላይ የምታባዙት ንባብ አለ፣ መጠይቅ አለ፣ የቲሲስ ረቂቅ አለ። 90 ገጽ ጽሑፍ ለአማካሪና ለሁለት ፈታኝ ሲታተም 270 ገጽ ነው፤ እሱም አንድ ዙር ብቻ። የኢንተርኔት ጥቅል አለ። ትራንስፖርት አለ፣ በተለይ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ስትዞሩ። ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ ለብቻው ትንሽ እያስቀመጣችሁ ሂዱ።

መምህር የሆናችሁ መሥሪያ ቤታችሁን ስፖንሰር ጠይቁ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን የውል ግዴታውን አንብቡ። ከትምህርቱ በኋላ ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለባችሁ፣ ቀድማችሁ ብትወጡ ምን እንደምትከፍሉ። ሰው የሚፈርመው በደስታ ነው፤ የሚያነበው ደግሞ ሥራ ሲለቅ።

ጊዜውን በተመለከተ ሥራ ላይ ያለ ሰው ለአንድ ኮርስ በሳምንት ቢያንስ ስድስት ሰዓት ንባብ ይመድብ። ቤት ካልሆነላችሁ ቦታ አለ። አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለመቀመጫ ጥሩ ነው። ወመዘክር ደግሞ ለቆዩ ጋዜጦችና ለሀገር ውስጥ ሕትመት። ሥነ ጽሑፍ የምታጠኑ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ላይብረሪ ሳትጎበኙ እንዳታልፉ፤ ስለ ኢትዮጵያ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ነገር የሚፈለገው እዚያ ነው።

6. የኮርሱ ዓመት

ሴሚናር ወረቀቶቻችሁን አታባክኑ። በአንድ ሴሚስተር ሦስት ኮርስ ቢኖራችሁና እያንዳንዱ አንድ ወረቀት ቢጠይቅ፣ ሦስቱንም ወደ አንድ ጉዳይ አዙሯቸው። ስለ ንግግር ማስተማር የምታስቡ ከሆነ የምርምር ዘዴው ኮርስ ላይ ስለ ክፍል ምልከታ ጻፉ። ቋንቋ ትምህርት ንድፈ ሐሳቡ ላይ ስለ መስተጋብር ጻፉ። ፈተና ዝግጅቱ ላይ ንግግር እንዴት ይለካል የሚለውን። ዓመቱ ሲያልቅ የቲሲሳችሁ ምዕራፍ ሁለት፣ የቀደሙ ጥናቶች ቅኝቱ፣ ግማሹ ተጽፏል።

ጽሑፍ የት ይገኛል? ጄስቶር በሚባለው የጥናታዊ ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ በነፃ አካውንት ከፍታችሁ በወር እስከ 100 ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ማንበብ ትችላላችሁ። ዩኒቨርሲቲውም ለተማሪ የሚከፍታቸው የመረጃ ቋቶች አሉት፤ ላይብረሪያኗን ጠይቋት፣ እሷን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ደስ ብሏት ነው የምታሳያችሁ። ያነበባችሁትን ወዲያው ዞቴሮ በሚባለው የዋቢ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ላይ መዝግቡ። ነፃ ነው። ዋቢ ዝርዝሩን በመጨረሻው ሳምንት በእጅ የሚለቅም ሰው ለማልቀስ ትንሽ ሲቀረው አይቻለሁ።

ሌላው ውጤት ነው። ለመመረቅ አጠቃላይ አማካይ ውጤት ከ3.00 መውረድ የለበትም። ዲግሪ ላይ 2.8 ጥሩ ነበር፣ እዚህ ግን ችግር ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ተጠንቀቁ፤ ቀዳዳው እዚያ ከተከፈተ መድፈኑ ይከብዳል።

7. ርዕሱን ማጥበብ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ስለሆነ።

አንድ ወዳጄ "የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የንግግር ክሂል ችግሮች" የሚል ርዕስ ይዞ መጣ። ቡና እየጠጣን ነበር።

"ክፍል ገብተህ ምን አየህ?" አልኩት።

"ተማሪው አይናገርም።"

"ማንም?"

"ፊት የሚቀመጡ ሦስት ልጆች ይመልሳሉ። ሌላው ዝም።"

"መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ ስንት ሰከንድ ይጠብቃል?"

ዝም አለ። አልቆጠረም ነበር። በማግስቱ ስልኩ ላይ ሰዓት ይዞ ገባ። ማታ ደወለልኝ። "ኧረ አንድ ሰከንድ አይሞላም! ጠይቆ ራሱ ይመልሳል።"

ርዕስ ማለት ይህ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንኑ ነገር አጥንታለች። መምህራን ከጥያቄ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁና ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያሳድጉት የተማሪው መልስ እንደሚረዝምና ብዙ ልጅ እንደሚሳተፍ አሳይታለች። እሷ ያጠናችው በሳይንስ ክፍል ነው። በአራዳ ክፍለ ከተማ በእንግሊዝኛ ክፍል፣ በሁለተኛ ቋንቋ ለማሰብ ጊዜ በሚፈልግ ተማሪ ላይ ምን ይሆናል? ሁለት መምህር፣ ስምንት ክፍለ ጊዜ፣ አንድ መቅጃ። የወዳጄ ቲሲስ ሆነ።

ምን እንደተቀየረ ልብ በሉ። "ችግሮች" የሚለው ቃል ጠፋ። በምትኩ የሚቆጠር ነገር መጣ። ከማን፣ የት፣ ስንት ጊዜ የሚለው ታወቀ። በሥነ ጽሑፍም ያው ነው። "ሴቶች በአፍሪካ ልብ ወለድ" ርዕስ አይደለም፣ መደርደሪያ ነው። "በዚህ ልብ ወለድ ሴት ገጸ ባሕርያት ዝም የሚሉባቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው፣ ተራኪውስ ያኔ ምን ያደርጋል?" ቢሆን ግን ነገ ጠዋት መጽሐፉን ከፍታችሁ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ። ነገ ጠዋት ሥራ የማያስጀምር ርዕስ ገና አልጠበበም።

8. አማካሪ

በየትምህርት ክፍሉ አመዳደቡ ይለያያል። አንዳንዱ እናንተን ያስመርጣል፣ አንዳንዱ ራሱ ይመድባል። የሚያስመርጥ ከሆነ በመጀመሪያው ደረጃ የሠራችሁት የአማካሪዎች ዝርዝር ዋጋውን የሚያገኘው አሁን ነው።

ቢሮ በር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ የኛ ልማድ ነው። አጭር መልእክት መጻፍ ይሻላል። እንዲህ ያለ፦

"ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሁለተኛ ዓመት የቴፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር የምርምር ዘዴ አስተምረውኛል። ከጥያቄ በኋላ መምህራን ስለሚሰጡት ጊዜ መሥራት አስቤ አንድ ገጽ ጽፌያለሁ፤ አያይዣለሁ። ሐሙስ ወይም ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሰጡኝ መጥቼ አናግርዎታለሁ።"

ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደያዛችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ ሁሉም አለ። "ስለ ቲሲስ ላማክርዎት ፈልጌ ነበር" ብቻ ብትሉ መልሱ "እሺ፣ እናያለን" ነው።

ከተመደባችሁ በኋላ በየወሩ አንድ ነገር ላኩ። አምስት ገጽም ቢሆን። ስታፍሩ ነው የምትጠፉት፣ ስትጠፉ ደግሞ ይበልጥ ታፍራላችሁ። ከተነጋገራችሁ በኋላ "ዛሬ የተስማማነው ይህ፣ ይህ ነው" ብላችሁ በጽሑፍ ላኩላቸው። ከሦስት ወር በኋላ "ይህን ማን አድርግ አለህ?" ሲሏችሁ ታመሰግኑኛላችሁ።

9. መረጃ መሰብሰብ

የቴፍል ሰዎች፣ የደብዳቤው ሰንሰለት እንዲህ ነው። ትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይጽፍላችኋል። ወደ ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ትወስዳላችሁ፤ መዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል፣ ይመራል፣ ሌላ ደብዳቤ ይወጣል። ያንን ይዛችሁ ትምህርት ቤት። ርዕሰ መምህሩ ለእንግሊዝኛ ተጠሪው ይመራዋል። በእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ኮፒ ይቀራል፣ ስለዚህ አምስት ኮፒ ያዙ፣ ቁጥሩንና ቀኑንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የሚድተርምና የማጠቃለያ ፈተና ሳምንቶችን አስወግዱ።

ስንት ሰው ልጠይቅ የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። በኛ ቲሲሶች የሚዘወተረው የናሙና ብዛት የሚያወጣው የያማኔ ቀመር ነው፦ ጠቅላላውን ብዛት፣ ለአንድ ሲደመር ብዛቱ ሲባዛ በስህተት መጠኑ ስኩዌር፣ ያካፍሉታል። 400 ተማሪ ቢኖርና የስህተት መጠኑ 0.05 ቢሆን፣ 400 ሲባዛ 0.0025 አንድ ይሆናል፣ አንድ ሲደመር ሁለት፣ 400 ለሁለት 200። ይኸው ነው። ግን ሁለት መምህር በምትታዘቡበት ጥናት ውስጥ ይህን ቀመር አትክተቱት፤ ፈታኝ ይስቅባችኋል።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ለአንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ መጠይቅ ሰጠሁ። የተረከበኝ ሰው "አንተ ምን አደከመህ፣ ነገ ናና ውሰድ" አለኝ። ደስ አለኝ። በማግስቱ ሠላሳውም ተሞልቶ ጠበቀኝ። ታክሲ ውስጥ ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ሁሉም በአንድ አረንጓዴ እስክሪብቶ ነው የተሞላው። ምልክቱም ተመሳሳይ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተጠማዘዘ። ሠላሳ ተማሪ አንድ አረንጓዴ እስክሪብቶ ሲዋዋስ አይታየኝም። ሙሉውን ጣልኩትና ሌላ ቀን ራሴ ክፍል ገብቼ፣ ጥያቄውን በአማርኛ አስረድቼ፣ ቆሜ አስሞላሁ። መጠይቁን ለማንም አትስጡ። ለተማሪ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ወደ አማርኛ ወይም በሚገባው ቋንቋ አስተርጉሙት፤ እንግሊዝኛ ይከብደዋል ብላችሁ የምታጠኑትን ልጅ በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ አታስጨንቁት።

10. መጻፍና ዲፌንስ

ከምዕራፍ ሦስት፣ ከአጠናን ዘዴው፣ ጀምሩ። ያደረጋችሁትን ነው የምትጽፉት፣ ስለዚህ እጅ ያፍታታል። ከዚያ ምዕራፍ አራት፣ ግኝቱ፤ ምዕራፍ አንድ በመጨረሻ ይስተካከላል። ፋይሉን ሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ ላፕቶፕ፣ ኢሜይል፣ ፍላሽ። ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ የሰካችሁት ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ስለሚመለስ ብቸኛ ቅጂያችሁን ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

ጽሑፉ ከማስረከባችሁ በፊት የመመሳሰል ፍተሻ ሶፍትዌር ውስጥ ያልፋል። ያልገለበጠ ሰው የሚያዘው ምዕራፍ ሁለት ላይ ነው፣ የሰውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ቃል ብቻ ቀይሮ ሲያስቀምጥ። ጽሑፉን ዝጉትና ለጓደኛ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ምንጩን ጥቀሱ።

ጽሑፋችሁን በፈታኞች ፊት በምትከላከሉበት በዲፌንስ ቀን የሚሰጣችሁ ሰዓት አጭር ነው። ምዕራፍ ሁለትን ስላይድ ላይ አትዘርግፉ። ጥያቄው፣ ያደረጋችሁት፣ ያገኛችሁት። ከአንድ ሳምንት በፊት ሌላ ሰው ዲፌንስ ሲያደርግ ገብታችሁ ቁጭ በሉ፤ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። የምትፈሩት ጥያቄ ምን እንደሆነ እዚያ ትሰማላችሁ። የማይቀረው "ለምን ይህን ዘዴ መረጥክ?" ነው። "አማካሪዬ ስላሉ" መልስ አይደለም፤ እሳቸውም ፊት ለፊታችሁ ተቀምጠዋል። ፈታኙ ስህተት ካገኘ "ልክ ነዎት፣ አስተካክላለሁ" በሉና ጻፉት። መከራከር ያለባችሁ ጥናቱን የሚያፈርስ አስተያየት ሲመጣ ብቻ ነው፣ ያኔም ገጽ ቁጥር እየጠቀሳችሁ።

ከዲፌንስ በኋላ ውሃና ሙዝ የቀረበበት ጠረጴዛ ዙሪያ ፎቶ ትነሳላችሁ። ከዚያ ሰው ይጠፋል። አትጥፉ። እርማቱ ተሠርቶ፣ ፈታኞች ፈርመው፣ ጥረዛ ቤት ሃርድ ከቨር ገብቶ፣ ሶፍት ኮፒው ለላይብረሪ እስካልደረሰ ድረስ አልተመረቃችሁም። እርማቱን በዚያው ሳምንት ጨርሱት፣ የተባላችሁት ጆሯችሁ ላይ ሳለ። አንድ ፈታኝ ለዕረፍት ሊወጡ ወይም ውጭ ሀገር ሊሄዱ ይችላሉ፤ ፊርማ ፍለጋ ሁለት ወር ያዞራል። ጠርዙ ላይ የሚታተመውን ስማችሁንም ጠራዡ ከመተኮሱ በፊት በዓይናችሁ እዩት፤ ያ በሁለት ኤስ የሚጻፈው ጉዳይ እዚህም ይመጣል።